የግል ስፖርት አሠልጣኝ የምስክር ወረቀት አመራረጥ

ፎቅ ያሠራ ነጋዴ ምድር ቤቱን ለሱቅ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለባንክና ለጽሕፈት ቤት ካከራየ በኋላ፣ የመጨረሻውን ወለል ማን ይከራየው ይሆን ብሎ ሲያስብ ከሚመጡለት አሳቦች አንዱ የስፖርት ማሠልጠኛ ቤት፣ በተለምዶ ጂም የሚባለው ነው። መሣሪያውን ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ አለ፤ መስታወቱንና ምንጣፉን የሚያቀርብ ባለሱቅም አይጠፋም። ደንበኛውም ቢሆን ሩቅ አይደለም፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ይዞት ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ያለው ብዙ ጊዜ ራሱ ነጋዴው ነው። በቀላሉ የማይገኘው አሠልጣኙ ነው። አሠልጣኝ ነኝ የሚለውን ማለታችን አይደለም፤ እርሱስ በየመንገዱ ሞልቷል። አሠልጣኝነቱ በሚገባ የተመሰከረለትን ማለታችን ነው።

እንግዲህ የምስክር ወረቀቱ ከማን ቢወሰድ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይመለከታል። አንደኛው ቤቱን ከፍቶ አሠልጣኝ የሚቀጥረው ነጋዴ ሲሆን፣ ሁለተኛው ልጁን ወይም የእኅቱን ልጅ ለዚህ ሙያ ለማብቃት ገንዘብ የሚያወጣው ዘመድ ነው። ሁለቱም ገንዘባቸውን የሚያወጡት በወረቀት ላይ ስለሆነ፣ ወረቀቱን ማንበብ ማወቅ አለባቸው።

በቅድሚያ ሁለቱን ዓይነት አሠልጣኞች መለየት ይገባል። በአገራችን የአሠልጣኝነት ሙያ እንግዳ አይደለም። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1960 በሮም ኦሎምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈውን አበበ ቢቂላን አሠልጥነዋል። ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬም በሐንጋሪ አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ የአትሌቲክስ ብሔራዊ ቡድናችንን ለብዙ ዓመታት አሠልጥነዋል። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ግን ከብዙው ወጣት መካከል ጤነኛውንና ፈጣኑን መርጦ ለውድድር ማድረስ ነበር። በጂም የሚቀጠረው የግል አሠልጣኝ እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም። ደረጃውን ወጥቶ የወር ክፍያውን የከፈለ ሁሉ ተማሪው ነው። ሃያ ዓመት በሚዛን አጠገብ ቆሞ ወገቡን ያመመው የእህል ነጋዴ፣ ከወለደች ስድስት ወር ያልሞላት እመቤት፣ በየቀኑ ክኒን የሚውጥ ሽማግሌ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ «እግር ኳስ ተጫውቷል፤ ጡንቻውም የሚታይ ነው» ብሎ አሠልጣኝ መቅጠር፣ ጥርሱ ስላማረ ብቻ አንዱን ሰው የጥርስ ሐኪም አድርጎ እንደ መሾም ያለ ነገር ነው።

ጉዳቱ በምን በኩል እንደሚመጣ ጥቂት ምሳሌ እናቅርብ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒኖችን የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ብዙ ቢንቀሳቀስ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነገርም ይምታታበታል። የሠለጠነ ሰው ይህን ሲያይ ሥራውን አስቁሞ ስኳር ወይም ጣፋጭ መጠጥ ይሰጠዋል፤ ያልሠለጠነው ግን «ድካም ነው፤ በርታ» ይለዋል። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን፣ ከሆድ ባዶነት ጋራ ይህ አደጋ ይብሳል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ከባድ ብረት ሲያነሣ ትንፋሹን አምቆ ቢይዝ፣ ግፊቱ በዚያች ቅጽበት እጅግ ከፍ ይላል። ሦስተኛም ነገር አለ። ብዙ አሠልጣኞች የልብን ምት የሚገምቱት ከ220 ላይ የሰውየውን ዕድሜ በመቀነስ ነው። ይህ ስሌት ለጤነኛውም ቢሆን ግምት ብቻ ሲሆን፣ የልብን ምት የሚያዘገይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስደውን ሰው ግን ፈጽሞ ያሳስታል፤ ልቡ በዝግታ ስለምትመታ ገና ያልደከመ ይመስላል።

ስለዚህ ደኅና ትምህርት ቤት ተማሪውን በመጀመሪያ የሚያስተምረው መጠየቅን ነው። በካናዳ አገር ተዘጋጅቶ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት፣ ሰባት ዋና ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ አለ። ልብህን ታምመህ ወይም ደም ግፊት ይዞህ ያውቃል ወይ? ደረትህን ይወጋሃል ወይ? ራስህን አዙሮህ ሚዛንህን ትስታለህ ወይ? መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ? የአጥንት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም አለብህ ወይ? እያለ ይቀጥላል። «አዎን» የሚል መልስ ከተገኘ ተጨማሪ ማጣራት፣ እንደ ሁኔታውም ከሐኪም ጋራ መነጋገር ይከተላል። የትምህርቱ ዝርዝር ውስጥ ይህ ዓይነት ቅድመ ምርመራ፣ የሰውነት አሠራር ትምህርትና የመጀመሪያ ርዳታ ካልተገኙበት፣ ሌላው ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ገንዘብ አይከፈልበትም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የቡና ነጋዴ የሆነ አንባቢ ነገሩን ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል። ለቀምት በሚል ስም በዓለም ገበያ የሚታወቀው የወለጋ ቡና ደረጃ የሚወጣለት፣ ባለቤቱ «ቡናዬ ጥሩ ነው» ስላለ አይደለም። ናሙናው ተወስዶ፣ የባለቤቱ ስም ሳይታወቅ በመለያ ቁጥር ለቀማሾች ይቀርባል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ አመዳደብ ከመቶው ነጥብ 40ው ለጥሬው ቡና፣ 60ው ለቅምሻው የተመደበ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ሻጩ ራሱ መዛኝ አይሆንም፤ በዓይን የሚታየውም ከግማሽ በታች ነው።

በመጀመሪያው መለኪያ የውጭ አገሮቹን ወረቀቶች እንያቸው። በአሜሪካ አገር የግል አሠልጣኝ ለመሆን የመንግሥት ፈቃድ ስለማያስፈልግ፣ ማንም ተነሥቶ የምስክር ወረቀት ሊሸጥ ይችላል፤ ብዙዎችም ይሸጣሉ። ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመ፣ የልዩ ልዩ ሙያ ምስክር ሰጪዎችን ፈተና የሚመረምር ኤንሲሲኤ የሚባል ኮሚሽን አለ። ኮሚሽኑ የሚመለከተው መጽሐፉ ማማሩን ሳይሆን፣ ፈተናው በትክክል የሚመዝን መሆኑንና የማስተማሩና የመፈተኑ ሥራ የተለያየ መሆኑን ነው። በዚህ መንገድ ያለፉና በስፋት የሚታወቁ አራት ድርጅቶችን ለመጥቀስ ያህል፣ በ1954 የተመሠረተው ኤሲኤስኤም፣ በ1978 የተመሠረተው ኤንኤስሲኤ፣ በ1985 የተመሠረተው ኤሲኢ፣ በ1987 የተመሠረተው ናስም ናቸው። ኤሲኤስኤም የሐኪሞችና የሳይንስ ሰዎች ማኅበር እንደ መሆኑ ወደ ጤናው ያዘነብላል፤ ኤንኤስሲኤ ደግሞ ወደ ጉልበትና ወደ ስፖርተኛው። የቀሩት ሁለቱ የተራውን ደንበኛ ሥልጠና ዋና ሥራቸው አድርገዋል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግምት በዕድሜ የገፋ ደንበኛ ለሚበዛበት ቤት ወደ ጤናው የሚያደላው ይመረጣል።

ለመፈተን 18 ዓመት መሙላት፣ ብዙውን ጊዜም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረስና ልብ ስትቆም የሚሰጠውን የመጀመሪያ ርዳታ በተግባር መማር ይጠየቃል። የኤሲኢ ፈተና 150 ጥያቄ በ3 ሰዓት፣ የናስም 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ነው። ወረቀቱም ለዘለዓለም አይደለም፤ የሁለቱ በየ2 ዓመቱ፣ የኤሲኤስኤምና የኤንኤስሲኤ በየ3 ዓመቱ ተጨማሪ ትምህርት ተወስዶ ይታደሳል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ምልክት ይያዝ። «ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሰርቲፊኬት፣ በሁለት ቀን ተጠናቆ» የሚል ማስታወቂያ ያየ እንደ ሆነ ገጹን ይዝጋው።

ነገር ግን ሁለተኛውን መለኪያ አንርሳ። ከላይ የተጠቀሱት ፈተናዎች ሁሉ ከተሰጡት መልሶች ትክክለኛውን መምረጥ ናቸው። ተፈታኙ ሽማግሌውን ከወንበር ሲያስነሣ፣ ብረት የሚያነሣውን ሰው ከኋላው ቆሞ ሲጠብቅ ያየው መዛኝ የለም። እንግዲህ ከሁሉ የተሻለው የውጭ ወረቀት እንኳ የሚነግረን የጥሬውን ቡና ያህል ነው። ቅምሻው ገና ይቀራል፤ ቅምሻውም ነቀምቴ ላይ ነው የሚሆነው። ከዚህም ጋራ ፈተናውና መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ናቸው። በእንግሊዝኛ «ትንፋሽህን አትያዝ» የሚለውን የመረጠ ወጣት፣ ያንኑ በኦሮምኛም በአማርኛም ለደከመ ሰው በጊዜው ሊናገረው ይገባል። መጽሐፎቹ ስለ ምግብ ሲያወሩም የእኛን እንጀራና የእኛን ጾም አያውቁም፤ ይህን ማስማማት የአሠልጣኙ ፈንታ ነው።

ስለ ዋጋው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለትምህርቱና ለፈተናው ከጥቂት መቶ እስከ ከአንድ ሺሕ በላይ ዶላር ይጠየቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ አስመጪዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ዶላሩን አግኝቶ መክፈሉም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ የውጭ ወረቀት የሚያዋጣው ለማን ነው ቢባል፣ በአዲስ አበባ በትልልቅ ሆቴሎች ወይም በባሕር ማዶ ለመቀጠር ላሰበ ወጣት ነው። ለምሳሌ በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። ወደዚያ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ወረቀቱ በመዝገቡ ዘንድ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ይጠይቅ፤ ከከፈለ በኋላ መጠየቁ አይጠቅመውም።

በነቀምቴና በአካባቢዋ ለሚሠራ ሰው ግን የተሻለው መንገድ ከቤት ይጀምራል። በ1999 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ የሚወጣ ወጣት የሰውነትን አሠራር በሁለት ወር የኢንተርኔት ትምህርት ሳይሆን በዓመታት ተምሮታል። ጉድለት ቢኖርበት፣ ትምህርቱ ለትምህርት ቤት መምህርነትና ለውድድር ሥልጠና የሚያዘጋጀው በመሆኑ፣ ከታመመና ካረጀ ሰው ጋራ የመሥራት ልምዱ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ይህን ደግሞ በልምምድ መሙላት ይቻላል። የመጀመሪያ ርዳታውን በኩል በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ያሠለጥናል።

ሌላው መንገድ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም፣ ሠልጣኙን ያስተማረው ቤት ራሱ አለመመዘኑ ነው። በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና በሌላ አካል የሚሰጥ ሲሆን፣ የዕውቀት ጥያቄም የተግባር ፈተናም አለበት፤ ስለዚህ በእኛ ምሳሌ ጥሬውንም ቅምሻውንም ያያል ማለት ነው። ከመመዝገብ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። ማሠልጠኛ ቤቱ የሚያስተምረው ሙያ ስሙ በወጣለት የሙያ ደረጃ ላይ የተመሠረተና ምዘና የሚሰጥበት ነው ወይ? «በኋላ ይመጣል» የሚል መልስ መልስ አይደለም። በየጂሙ የሚሰጡት የአጭር ጊዜ ሥልጠናዎች ግን ልምድ ለመቅሰም ይጠቅማሉ እንጂ ለብቻቸው የምስክርነት ክብደት የላቸውም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራ እንደ መሆኑ፣ አሠሪው ለአሠልጣኝነት ላወጡት ማስታወቂያ የቀረቡትን ማመልከቻዎች የማንበብ ዕድል አግኝቶ ነበር። ከሁሉ ያማረው ወረቀት የወርቅ ቀለም ማኅተምና የሁለት ሰዎች ፊርማ ያለበት ነበር። ሲነበብ ግን የሚለው ስሙ የተጠቀሰው ሰው «ተካፍሏል» ብቻ ነው። መካፈል መቀመጥ ነው። «ትምህርቱን አጠናቋል» የሚለው እስከ መጨረሻ መቀመጥ ነው። «ተፈትኖ ብቁ ሆኖ ተገኝቷል» የሚለው ብቻ ነው የምንፈልገው። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ሲመጣ ከማኅተሙ በፊት ይህን አንቀጽ ፈልጎ ማስተርጎም ነው። ቀጥሎ ቁጥሩን፣ የተሰጠበትን ቀንና የሚያበቃበትን ቀን ማየት ይገባል። ታዋቂዎቹ ድርጅቶች ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን በስምና በቁጥር የሚያረጋግጡበት መንገድ በኢንተርኔት ስላላቸው፣ ማጣራቱ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ከማመልከቻዎቹ መካከል ለቃል ጥያቄ የተጠሩት ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አንደኛው አሠሪያችንን በቀጥታ ወደ ብረቱ ወሰዳቸው። ሁለተኛው፣ የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ የሆነው፣ «ጋሼ፣ በመጀመሪያ እንቀመጥ» ብሎ ስለ ጤናቸው፣ ስለሚወስዱት ክኒን፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቀመጡ ጠየቃቸው፤ ደም ግፊታቸውንም ለካ። የተቀጠረው እርሱ ነው። እንዲህ ያለውን የአንድ ሰዓት የተግባር ፈተና አንድ ነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በተገኘበት ማድረግና ለተፈታኙ የሰዓቱን ዋጋ መክፈል፣ ነጋዴው ሊያወጣው ከሚችለው ወጪ ሁሉ ርካሹ ነው። ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ «ይህን መድኃኒት ተው» የሚል፣ ወይም ጡንቻ ቶሎ ያሳብጣል ብሎ መርፌና ክኒን በጓሮ የሚሸጥ አሠልጣኝ ግን ወረቀቱ ከየትም ቢሆን ይሰናበት። ስለ ዱቄቱ ነገር አስመጪዎቻችን እንደሚያውቁት፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው ዕቃ ስለሆነ በሻንጣ የመጣውን በጂም መደርደሪያ ላይ ማኖር ለባለቤቱ ጣጣ ነው።

ጉዳዩን ቀላል አድርጎ የሚያይ ነጋዴ ቢኖር ሕጉን ያስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሠራተኛ ሥራውን ሲያከናውን በጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪውን ኀላፊ ያደርገዋል። ደንበኛው በሥልጠናው መካከል ቢጎዳ፣ ጥያቄው ወደ ወጣቱ ኪስ ሳይሆን ወደ ፎቁ ባለቤት ወይም ወደ ጂሙ ከፋች ነው የሚመጣው። ስለዚህ የቅድመ ምርመራው ቅጽ በደንበኛው ተፈርሞ በፋይል መቀመጡ፣ የአሠልጣኙም ምስክር ወረቀት ተጣርቶ መገኘቱ፣ በክርክር ጊዜ ነጋዴው ሊያቀርበው የሚችለው ማስረጃ ነው።

ወጣቱን በራሱ ወጪ የሚያሠለጥን ነጋዴ ደግሞ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ባይሰጥ ይመረጣል፤ ሲመዘገብ፣ ለፈተና ሲቀርብና ሲያልፍ እየተከፈለ ቢከፈል ለሁለቱም ይበጃል። ፈተናውን ቢወድቅ የድጋሚውን ክፍያ ማን እንደሚችል፣ ካለፈ በኋላም ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል በግልጽ ይጻፍ። ለዘመድ ልጅ ሲሆን ውል መጻፍ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ። ዳሩ ግን ውል ያልተጻፈለት የዘመድ ገንዘብ ከገንዘቡም ከዘመዱም ሲያለያይ አይተናል።

በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ላሉት ነጋዴዎች አንድ አሳብ አለን። አንድ ነጋዴ ብቻውን ለአንድ ወጣት ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት ሊከብደው ይችላል። ሦስት ወይም አራት ሆነው፣ የስፖርት ሳይንስ የተማረ አንድ የአገራቸውን ልጅ መርጠው የመጀመሪያ ርዳታውንና የልምምዱን ጊዜ ወጪ ቢችሉለት፣ በሳምንቱ ውስጥ ቀን ተከፋፍለው በየቤቱ ሊያሠራቸው ይችላል። ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው አዳራሽ ሳይሆን ባዶ መጋዘን፣ ምንጣፍ፣ ጠንካራ ወንበርና የደም ግፊት መለኪያ ነው። ውድ የሆኑት ማሽኖች ደንበኛው ከታወቀ በኋላ ይታዘዛሉ።

የአሠልጣኙ ፋይል ከንግድ ፈቃዱ ፋይል አጠገብ ይቀመጥ። በውስጡ የትምህርት ማስረጃው፣ የብቃት ምዘናው፣ የመጀመሪያ ርዳታው ወረቀትና ውሉ ይኑሩ። በሽፋኑም ላይ እያንዳንዱ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፤ ቀኑ ሳይደርስ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አሠልጣኙ እንዲያሳድስ በጽሑፍ ይነገረው። የመጀመሪያ ርዳታው ወረቀት ከሁሉ ቀድሞ ስለሚያበቃ በላይ ይደረግ።